መዋጥ ሲያቅት፦ የተስፋፋ የምግብ ቧንቧ ካንሰርና የጎጃም ታማሚ ምርጫዎች

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ሥጋና ደረቅ ዳቦ ነው። ቀጥሎ እንጀራ። ሰውየው ጉርሻውን ደጋግሞ ያኝካል፣ በየመካከሉ ውኃ ይጎነጫል፣ ሁሉም ከማዕድ ከተነሣ በኋላ እሱ ገና አልጨረሰም። ሳምንታት ሲያልፉ ፍትፍት ብቻ፣ ከዚያ አጥሚት ብቻ ይሆናል፤ በመጨረሻ የገዛ ምራቁ እንኳ አልወርድ ይለውና አጠገቡ ዕቃ አስቀምጦ መትፋት ይጀምራል። ከደጀንም ይምጣ ከዳንግላ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር የያዘው ሰው ለሐኪም የሚተርከው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

የምግብ ቧንቧ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ምግብ ሲያልፍበት የሚለጠጥ ጡንቻ ነው። ይህ መለጠጡ በሽታውን ይሸሽገዋል። ዕጢው መተላለፊያውን ከግማሽ በላይ እስኪያጠብበው ድረስ የቀረው ክፍል እየሰፋ ምግቡን ያሳልፋል፤ ስለዚህ እንጀራ አልወርድ ባለ ቀን በሽታው ከገባ ሰንብቷል። በሽታው ዘግይቶ መገኘቱ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ ሀብታም አገሮችም ውስጥ ብዙው ታማሚ የሚደርሰው ካንሰሩ ከተስፋፋ በኋላ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ሌላም መዘግየት ይጨመርበታል። «ጨጓራ ነው» ተብሎ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ለወራት ይዋጣል። በጎጃም ደጋ እንቅርት የተለመደ በመሆኑ፣ አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት ሰው የሚያንቀው እሱ ይመስለውና ይቀመጣል። እርሻውም አለ፤ ሐምሌ ላይ የታመመ ገበሬ ጤፉን ሳይዘራ፣ ኅዳር ላይ የታመመው አጭዶ ሳይከምር ከቤቱ አይወጣም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮው አብሮ ይዘጋል። ሰውየው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሲደርስ ልብሱ ሰፍቶታል።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አከራይቶ የሚሮጠው «ይድናል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለአንዳንዱ ታማሚ መልሱ «አዎ፣ ሊድን ይችላል» ሊሆን ስለሚችል መጠየቅም አለበት። አብዛኛው ሰው በሚደርስበት ደረጃ ግን መቅደም ያለበት «በምን መንገድ እናስውጠው?» የሚለው ይመስለኛል። በዚህ ሕመም ውስጥ በአጭር ጊዜና በአንጻራዊ አነስተኛ ወጪ የሰውን ቀን የሚለውጠው ሕክምና ያለው እዚያ ነው። የሚያሳዝነው፣ ቤተሰቡ ስለ እሱ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

«ተስፋፍቷል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 511 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 445 ሺህ ያህሉም በዚያው ዓመት ሞተውበታል። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው በሽታው ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ይናገራል። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው መስመር በሽታው ከሚበዛባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በአገራችን በዚህ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው አርሲና ባሌ ቢሆኑም ጎጃምም ከዚሁ መስመር ውጭ አይደለም።

በዚህ መስመር ላይ የሚበዛው ዓይነት ስኳመስ ሴል የሚባለው ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከቧንቧው የላይኛውና የመካከለኛው ክፍል ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ነጮች ዘንድ የሚበዛው አዴኖካርሲኖማ ግን ከታች፣ ከጨጓራ መግቢያ አጠገብ ይበቅላል፤ ከውፍረትና ከአሲድ ወደ ላይ መመለስ ጋርም ይያያዛል። ልዩነቱ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሕክምናውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ፣ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ፣ በተወሰደው ናሙና ውጤት ላይ የትኛው እንደተጻፈ ቤተሰብ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

«የተስፋፋ» የሚለው ቃል ሁለት በጣም የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ላይ ይሸፍናል። በአንደኛው፣ ዕጢው የቧንቧውን ግድግዳ ዘልቆ ወጥቷል ወይም በአቅራቢያው ያሉ ንፍፊቶችን ነክቷል፤ ግን ሩቅ አልሄደም። በሁለተኛው ጉበት፣ ሳንባ፣ አጥንት ወይም ሌላ ሩቅ ቦታ ደርሷል። የመጀመሪያው ለመዳን በር አለው፤ የሁለተኛው በር ግን ለረጅም ዕድሜ እምብዛም አይከፈትም። መለየት የሚቻለው በደረትና በሆድ ሲቲ ስካን ነው። ሐኪሙ የታማሚውን አንገት በእጁ ሲዳስስም ከአንገቱ ሥር ካለው አጥንት በላይ ጠንካራ ንፍፊት ያገኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሳይራቀቅ ብዙው ይታወቃል። ድምፅ መሻከር፣ ውኃ በጠጡ ቁጥር ትን ብሎ ማሳል፣ እነዚህም ዕጢው ወደ ጎረቤት አካላት መግባቱን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው።

ስለዚህ የቤተሰቡ የመጀመሪያ ጥያቄ ለሐኪሙ «ከሁለቱ የትኛው ነው?» ቢሆን መልካም ነው። ሳይጠይቁ አዲስ አበባ መሄድ ለጉዞው እንጂ ለሕክምናው አይረዳም።

ማዳን የሚቻልበት ጠባብ መንገድ

ሩቅ ላልሄደው ዓይነት፣ ዓለም ላይ መለኪያ ተደርጎ የሚጠቀሰው ጥናት በኔዘርላንድ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ክሮስ የተባለው ነው። ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉ ሁለት የኬሞ መድኃኒቶች በሳምንት አንድ ጊዜ ለ5 ሳምንታት ይሰጣሉ፤ አብሮም በ23 ክፍል የተከፋፈለ ጨረር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ውጤቱ የሚያስደንቅ ነበር። ቀዶ ሕክምና ብቻ ከተደረገላቸው ታማሚዎች ግማሾቹ የቆዩት እስከ 24 ወራት ሲሆን፣ ኬሞና ጨረሩ ከቀደመላቸው ግን ግማሾቹ እስከ 49 ወራት ቆይተዋል። ስኳመስ ሴል የተባለው ዓይነት ከሌላው የበለጠ ተጠቃሚ ነበር፤ ይህ ለእኛ ደስ የሚል ወሬ ነው። ስኳመስ ለሆነ ዕጢ ቀዶ ሕክምና የማይቻል ከሆነ፣ ኬሞና ጨረር ብቻቸውን በሙሉ መጠን ተሰጥተውም የሚድን ሰው አለ።

ቁጥሩን ይዞ ወደ ጎጃም ከመመለስ በፊት ግን እዚያ ጥናት ውስጥ እነማን እንደገቡ ማየት ያስፈልጋል። ከሰውነት ክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው አልተፈቀደለትም። ስልሳ ኪሎ ይመዝን የነበረ ገበሬ ስድስት ኪሎ ሲጎድልበት ከወሰኑ ደርሷል ማለት ነው። አጥሚት ብቻ እየጠጣ ሦስት ወር የከረመ ሰው ስንት ኪሎ እንደጎደለበት ለመገመት ሚዛን አያስፈልግም። ስለዚህ የክሮስን ውጤት ጠቅሶ «ውጭ አገር እኮ ይድናል» የሚል ዘመድ ትክክል ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ ሌላ ታማሚ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጨረሩ ያለበት ቦታ ነው። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሃያ ዓመት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቶ ነበር። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያና መቀሌ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ እንዲስፋፋ መንግሥት ማቀዱ ለሰሜን ምዕራቡ ትልቅ ነገር ነው፤ ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማዳን ዓላማ ያለው ጨረር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለአምስትና ስድስት ሳምንታት የሚሰጥ ነው። ይህ ማለት ለታማሚውና ለአስታማሚው ከአንድ ወር በላይ የከተማ ቤት ኪራይና ቀለብ ማለት ነው። ተራውና ቀጠሮው ሳይረጋገጥ፣ ማሽኑ እየሠራ መሆኑ ሳይጠየቅ የዓባይን በረሃ መሻገር የሁለት ሰው ጉልበት በከንቱ መጨረስ ነው። ስልክ ደውሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቀዶ ሕክምናውም ቀላል አይደለም። ደረትና ሆድ ተከፍቶ ቧንቧው ይወጣል፤ ጨጓራው ወደ ላይ ተስቦ ቦታውን ይይዛል። ሰውነቱ የከሳ፣ ደሙ የወረደ ሰው ሊሞትበት ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ሐኪም «መጀመሪያ እንመግበው» ብሎ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል ቱቦ የሚያስገባው። ይህን ማድረግ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ሕክምናው ግን ከዚያ ይጀምራል። አዴኖካርሲኖማ ለሆነው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ የጀርመን ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ አራት መድኃኒት ያለበትን ኬሞ መስጠት ከክሮስ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ሩቅ ለሄደው፦ ወራትና ዋጋቸው

ካንሰሩ ጉበት ወይም ሳንባ ከደረሰ የኬሞ ዓላማ ማዳን ሳይሆን ማዘግየት ነው። የተለመዱት መድኃኒቶች ሲስፕላቲንና ፍሎሮዩራሲል ናቸው። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ስለሚጎዳ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ይፈልጋል፤ ፍሎሮዩራሲል ደግሞ ለቀናት ሳይቋረጥ የሚንጠባጠብ በመሆኑ አልጋ ይዞ መተኛት ያስፈልጋል። በዚያ ፈንታ ካፔሲታቢን የሚባል ኪኒን አለ፤ ነገር ግን ትልልቅ ኪኒን ለማን ነው የሚታዘዘው? ምራቁን መዋጥ ላቃተው ሰው! በተግባር ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል ለእኛ ሁኔታ የተሻለ ሊመቹ ይችላሉ።

በቅርብ ዓመታት ወሬው ሁሉ ስለ ኢሚውኖቴራፒ ነው፤ የሰውነትን የመከላከል አቅም በካንሰሩ ላይ የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች። ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞ ጋር ሲሰጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ታማሚዎች በመካከለኛ ግምት 12.4 ወራት ኖረዋል፤ ኬሞ ብቻ የወሰዱት ደግሞ 9.8 ወራት። በሚቀጥለው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት ኒቮሉማብ ከኬሞ ጋር 13.2 ወራት አስገኝቷል፤ ኬሞ ብቻውን 10.7። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። በተለይ ዕጢያቸው ፒዲ ኤል 1 የሚባለውን ፕሮቲን በብዛት የያዘ ሰዎች የበለጠ ይጠቀማሉ፤ ከነዚህ ውስጥ ጥቂቶች ለዓመታት ይቆያሉ። ነገር ግን የፔምብሮሊዙማብ የሦስት ሳምንት መጠን በአሜሪካ የተለጠፈው ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ወንድም ገንዘብ ልላክ ሲል ቤተሰቡ ይህን ስሌት ፊት ለፊት ማየት አለበት። ሁለት ወር ተኩል ያህል መካከለኛ ጥቅም፣ በጥሩ ጉልበት ላይ ላሉና በእግራቸው ወደ ክሊኒክ ለሚመጡ ታማሚዎች። አብዛኛውን ቀን አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ኬሞም ሆነ ይህ መድኃኒት የሚጎዳው ከሚጠቅመው ይበልጣል። ያንን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መብቱ ነው፤ እኔ ግን ቤት ሸጦ ይህን መግዛት አልመክርም።

መዋጥን መመለስ

ቧንቧው ሲዘጋ የሚከፈትባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም ለሁሉም አይሆኑም።

ስቴንት የሚባለው ከብረት ክር እንደ መረብ የተሠራ ቱቦ ነው። ታማሚው ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ሐኪሙ በአፍ በኩል ኢንዶስኮፕ ያስገባል፤ ቀጭን ሽቦ የጠበበውን ቦታ አልፎ ወደ ጨጓራ ይደርሳል። የዕጢው ላይኛና ታችኛ ጫፍ ይለካል። ከዚያ ስቴንቱ፣ ተጠቅልሎ እንደታሰረ ሰሌን ቀጥኖ፣ በሽቦው ላይ ይንሸራተትና ማሰሪያው ሲፈታ ይዘረጋል፤ ከላይም ከታችም ከዕጢው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንዲያልፍ ተደርጎ ይቀመጣል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ለጥቂት ቀናት ደረት ያማል፤ ማስታገሻ ይፈልጋል። ግን ትናንት ምራቁን ሲተፋ የነበረ ሰው ነገ ሾርባና እርጎ ሊጠጣ፣ በሳምንቱ በደንብ የራሰ ፍትፍት ሊበላ ይችላል። በካንሰር ሕክምና ውስጥ ይህን ያህል ፈጣን ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ነገር ብዙ የለም። ውኃ በጠጣ ቁጥር ትን የሚለው፣ ማለትም በምግብ ቧንቧና በአየር ቧንቧ መካከል ቀዳዳ የተከፈተበት ታማሚም የሚረዳው የተሸፈነ ስቴንት ነው።

ጉድለትም አለው። ሊንሸራተት ይችላል፤ ዕጢው በጫፉ በኩል አድጎ ዳግም ሊዘጋው ይችላል፤ ደም ሊያስፈስስ ይችላል። ወደ ጨጓራ የሚዘልቅ ከሆነ አሲድ ወደ ላይ ስለሚመለስ ሰውየው ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ኦሜፕራዞሉ እውነተኛ ሥራ ያገኛል። ከጉሮሮ በጣም ለቀረበ ዕጢም አይመችም። ከሁሉ በላይ፣ ለመዳን ዕድል ላለውና ጨረርና ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ስቴንት አይቸኮልም፤ ለእሱ የመመገቢያ ቱቦ ይሻላል።

እዚህ ላይ የጎረቤታችን ልምድ ሊጠና ይገባዋል። በኬንያ ቦሜት የሚገኘው ተንወክ ሆስፒታል፣ ከገጠር ለሚመጡ በርካታ መቶ ታማሚዎች ለዓመታት ስቴንት ሲያስገባ ኖሯል፤ የሚንቀሳቀስ ምስል የሚያሳይ የራጅ ማሽን ሳያስፈልገው፣ በኢንዶስኮፕ ብቻ። ውጤታቸው በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ታትሟል፦ ፈሳሽ እንኳ ያስቸግራቸው የነበሩ ሰዎች አብዛኛውን ምግብ መዋጥ ችለዋል። ይህ ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ የሚያስተላልፈው ነገር ግልጽ ነው፤ ሥራው ኢንዶስኮፕ፣ የሠለጠነ እጅና ስቴንቱ ራሱ እንጂ ግዙፍ ማዕከል አይጠይቅም።

ጨረርም ያስውጣል። የማስታገሻ ጨረር እንደ ማዳኛው ስድስት ሳምንት አይፈጅም፤ በ5 ወይም በ10 ቀን ሊያልቅ ይችላል። ውጤቱ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ውኃ ለማይወርድለት ሰው ብቻውን አይደርስለትም። የተሻለ ጉልበት ላለውና ወራት ይቆያል ተብሎ ለሚገመተው ሰው ይስማማል። ከማስታገሻ ጨረር ጋር ኬሞ መጨመር አያስፈልግም ወይ ለሚል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ኬሞ መጨመሩ በመዋጥ ላይ የረባ ለውጥ ሳያመጣ የጎንዮሽ ጉዳቱን እንዳበዛ አሳይቷል። ይህን ማወቅ ብዙ ወጪ ያድናል። የጨረር ምንጩን በቱቦ ወደ ቧንቧው ውስጥ አስገብቶ አንድ ጊዜ ብቻ መስጠትም አለ፤ የኔዘርላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2004 ከስቴንት ጋር አነጻጽረውት፣ ስቴንቱ ቶሎ ቢያስውጥም የዚህኛው ጥቅም ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ አግኝተዋል።

ቧንቧውን በፊኛ ወጥሮ ማስፋት ብቻውን ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት እንጂ አይበረክትም፤ የመቅደድ አደጋም አለው። በሆድ በኩል የሚገባ ቱቦ ደግሞ ይመግባል፤ መብላትን ግን አይመልስም። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። እኛ ዘንድ መብላት አብሮ መቀመጥ ነው፣ መጉረስና ማጉረስ ነው። ሌላው ቤተሰብ ከመሶቡ ዙሪያ ሲቀመጥ ጥግ ላይ ቱቦ ይዞ መተኛት ለብዙ አዛውንት ከሕመሙ የከፋ ነው። ምርጫ ካለ፣ ለመዳን ለማይታሰብ ሰው ከቱቦ ይልቅ ስቴንትን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

እቤት፣ ከማጀት

ሐኪም «ለስላሳ ምግብ ይብላ» ብሎ ይሸኛል። ምን እንደሆነ ግን ሳይነግር። ጎጃም ውስጥ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከአዊ የሚመጣው ድንች ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በወተትና በቅቤ ይለወሳል። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት በውኃ ፈንታ በወተት ይሠራል፤ ማርና ቅቤ ይገባበታል። እንቁላል በደንብ ይመታና ሾርባ ላይ ይፈስሳል። እርጎ አለ። ቁም ነገሩ በትንሽ ስኒ ውስጥ ብዙ ጉልበት ማስገባት ነው፤ ቀጭን ሾርባ ሆድ ይሞላል እንጂ ክብደት አይመልስም። በቀን ሦስት ጊዜ በዛ አድርጎ ከመስጠት በየሁለት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይሻላል። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላ በኋላም ወዲያው አይተኛ። ስቴንት ያለው ሰው ጥብስ፣ ቆዳ ያለው ሥጋና ደረቅ ዳቦ ይተው፤ በየጉርሻው መካከል ውኃ ይጎንጭ። ለሳምንታት ምንም ሳይበላ የከረመ ሰው ግን በአንድ ቀን በብዙ መመገብ አደገኛ ነው፤ የደሙ ማዕድናት በድንገት ይዛባሉ፤ ስለዚህ ቀስ እያለ ይጨመርለት።

ጾም ሲገባ ችግሩ ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፈቃድ እንደምትሰጥ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሁዳዴን የጾመ ሽማግሌ በመጨረሻው ዘመኑ ወተት እንዲጠጣ ልጁ ቢለምነው እሺ አይልም። እንዲህ ያለውን ሰው ከመጨቃጨቅ የነፍስ አባቱን መጥራት ይሻላል፤ እሳቸው የሚሉት ከሐኪሙ ቃል የበለጠ ይደመጣል። እምቢ ካለም የሱፍ ውኃ፣ የተልባ፣ በዘይት የተለወሰ ድንች፣ ቀጠን ያለ ምጥን ሽሮ አለ።

ጠበልም እንዲሁ። ወደ ጠበል መሄድን ከሕክምና ጋር ማጣላት አልወድም፤ ሁለቱን አብረው የሚይዙ ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ግን መነገር አለበት። አንዳንድ ቦታ ጠበል በብዛት እንዲጠጣ ይደረጋል፤ ቧንቧው የጠበበ ወይም ትን የሚለው ሰው ይህን ቢያደርግ ውኃው ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድለው ይችላል። ለእሱ መጠመቁና ጥቂት መቅመሱ ይበቃዋል፤ ይህንንም ለአጥማቂው ማስረዳት የአስታማሚው ሥራ ነው።

የታማሚው ድርሻ

ከሐኪሙ ክፍል በር ላይ የሚሰማ አንድ የታወቀ ልመና አለ፦ «ዶክተር፣ እባክዎ ለአባቴ እንዳይነግሩብኝ።» ልጁ ጨካኝ አይደለም፤ አባቱን ከመርዶ ሊያድን ነው። ውጤቱ ግን አባትየው ስለ ገዛ ሰውነቱ ምርጫ ማድረግ አለመቻሉ ነው። በሬው ይሸጥ ወይስ ለልጅ ልጅ ይቆይ? አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ወር ይተኛ ወይስ ስቴንት ገብቶለት ከቤቱ ይቆይ? ይህን መወሰን የነበረበት ራሱ ታማሚው ነበር። በእኔ ግምት አብዛኛው አዛውንት ነገሩ ሳይነገረውም ያውቀዋል፤ አላወቅሁም ብሎ የሚያስመስለው ለልጆቹ ብሎ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ለታማሚው «ምን ያህል ልንገርዎ? ወይስ ከማን ጋር ልነጋገር?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስት አራት ደቂቃ የማይወስድ ጥያቄ ነው፤ ብዙ የተሸጠ በሬ ሊያስመልስ ይችላል።

ሕመምን ማስታገስም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ለከባድ የካንሰር ሕመም ዋናው መድኃኒት ሞርፊን ነው፤ በሽሮፕ መልክ ስለሚገኝ መዋጥ ለሚከብደው ሰው ይመቻል፤ ቱቦ ላለው በቱቦ ይሰጣል። በየ4 ሰዓቱ በሐኪም በታዘዘው መጠን የሚወሰድ ነው፤ ሕመም ሲመጣ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆድ ማለስለሻ አብሮ መታዘዝ አለበት። ለሱስ ይዳርጋል ወይም ሞትን ያፋጥናል የሚለው ፍርሃት በባለሙያውም ዘንድ አለ፤ በትክክለኛ መጠን ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ግን ይህ እምብዛም አይሆንም። በካንሰር ሕመም የሚጮኽ ሰው ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ብቻ ተሰጥቶት ወደ ገጠር ከተመለሰ፣ መንገድ ቢዘጋም ባይዘጋም ሕክምና አግኝቷል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለጎጃም ሆስፒታሎች የሚቀርበው ጥያቄ ጨረር እስኪደርስ ድረስ ከሚጠበቀው ያነሰና የቀረበ ነው። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ አሉ። በእያንዳንዱ ከተማ ስቴንት ማስገባት የሚችሉ ቢያንስ ሁለት ሐኪሞች፣ አንዱ ቢታመም ወይም ቢሄድ ሌላው እንዲተካ። የስቴንቱ ግዢ ታማሚው በግል ፋርማሲ ተሯሩጦ የሚፈልገው ሳይሆን ሆስፒታሉ የሚያከማቸው። የሞርፊን ሽሮፕ ሳይቋረጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ይዞ የመጣ ገበሬ ለስቴንት የሚከፍለው ከኪሱ ከሆነ፣ መድኑ የሚሸፍንለት የአልጋውንና የምርመራውን እንጂ የሕክምናውን ዋጋ አይደለም፤ ይህ በሚቀጥለው የክፍያ ዝርዝር ውስጥ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደግሞ አንድ ትእዛዝ በቂ ነው፦ ጠጣር ምግብ አልወርድ ብሎት የመጣ ጎልማሳ የኦሜፕራዞል ወረቀት ተሰጥቶት አይሸኝ፤ በዚያው ሳምንት ለኢንዶስኮፒ ሪፈር ይጻፍለት።